«ሜዲካል ወደቀች» የሚባለው ነገር

ይህን ንግግር ያደረግሁት ኅዳር ላይ፣ አዳማ ውስጥ በአንድ የወጣት ማዕከል አዳራሽ ነው። አድማጮቼ ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ የተመዘገቡ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ነበሩ። ጥቂት የኤጀንሲ ሠራተኞችም ነበሩበት። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን እዚህ ላይ አስገብቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ የቀትር ፀሐይ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ፊት መቀመጥ ማንንም አያስጠረጥርም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ነርስ ነኝ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ናዝሬት ስትባል ጀምሬ አዳማ እስክትባል ድረስ ማለት ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ መድኃኒት ብቻ ላወራ አይደለም። ስለ በር ላወራ ነው። ሰው ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ደሙ ተመርምሮ ስለሚዘጋበት በር።

ባለፈው ኅዳር 12 ሰፈራችን ሁሉ ጢስ በጢስ ነበር። ልጆች ቆሻሻ ሰብስበው ያቃጥላሉ፣ ትልልቆቹ ደጃፋቸውን ያጥናሉ። ለምን እንደሚታጠን ልጆቹን ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ አያውቁም። በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ ለማሰብ ነው። ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በትንፋሽ ይተላለፍ ነበር። ከመንገደኛ ጋር ይሄድ ነበር። ያኔ አንድ ሰው ባቡር ጣቢያችን ላይ ቆሞ ተሳፋሪውን ሁለት ሳምንት ለይቶ ቢያቆይ ኖሮ ምናልባት የተወሰነ ነፍስ ይተርፍ ነበር። ይህን ያነሣሁት በሽታ ሲመጣ በር አይጠበቅ የምል እንዳይመስላችሁ ነው። ኮሮናንም አብረን አይተናል። ኤች አይ ቪ ግን ሌላ ነው። በትንፋሽ አይመጣም። አውሮፕላን ውስጥ አጠገባችሁ ከተቀመጠ ሰው አይተላለፍም። አንዲት ልጅ ወጥ ብትሠራ፣ ልጅ ብታቅፍ፣ ልብስ ብታጥብ አይተላለፍም። እንደዚያም ሆኖ በዚህ ቫይረስ ምክንያት ብዙ በር ተዘግቷል።

አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስሟንና ቀዬዋን ግን አልጠራም።

ከአርሲ በኩል የመጣች ናት። ያኔ ዕድሜዋ ሃያ ሦስት። አረብ አገር ልትሄድ በደላላ በኩል ተመዝግባ፣ አሻራ ሰጥታ፣ ሜዲካል፣ ማለትም ለጉዞው የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ፣ ታደርጋለች። አባቷ ለወጪው በሬ ሸጠዋል። ከሁለት ቀን በኋላ ደላላው ይደውልና «አንፊት ሆነሻል፣ አይሆንም» ይላታል። ለምን ብትለው «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። እሷ ሳትሰማ ግን ወንድሟ ሰምቷል። ደላላው ለእሷ ከመደወሉ በፊት ለወንድሟ ነግሮታል።

ሦስት ቀን ሙሉ አዳማን በባጃጅ ዞረች። አንዱ «ዓይንሽ ይሆናል» አላት። ሌላው «ጉበት ነው» አላት። እኔ ጋ ስትመጣ ወረቀቱን አራት ላይ አጥፋ፣ በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። ቋጠሮውን እስክትፈታ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ በእጇ ደጋግማ አቃናችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ አንፊት ማለት ምን ማለት ነው?»

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ብቁ አይደለሽም» ማለት ነው። አያችሁ፣ የማታውቀው ቋንቋውን ብቻ አልነበረም። የገዛ ደሟን ውጤት ነው የማታውቀው። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚደረገው ምርመራ ሰው «አንፊት» የሚባልበት ምክንያት ብዙ ነው። ኤች አይ ቪ ይሆናል፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ይሆናል፣ ቲቢ ይሆናል። ለሴት እርግዝናም ጭምር ነው። ሁሉም በአንድ ቃል ይጠቃለላል። እርጉዟም፣ ቲቢ ያለበትም፣ ቫይረሱ በደሙ ያለውም ያው «አንፊት» ነው። ቃሉ ለሚልካት ሰው ነው የተዘጋጀው። ትሄዳለች አትሄድም፣ በቃ። ለእሷ የተዘጋጀ አንድም መስመር የለውም።

እኛ ጋ እንደገና ተመረመረች። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ተገኘ። በዚያው ሳምንት መድኃኒት ጀመረች። እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ይህ በር ከየት እንደመጣ እናውቅ።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ኤች አይ ቪን ወደ አገሯ እንዳይገቡ ከሚያስከለክሉ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባች። ጊዜው የፍርሃት ነበር። ሰው ይሞታል፣ መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ኤዚቲ የሚባለው ገና በዚያው ዓመት ነው የጸደቀው። ዋጋውም ለአንድ ሰው በዓመት 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የሚገርመው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው በ1987 ተጓዥን መመርመር እንደማይጠቅም ተናግሯል። ብዙ ገንዘብ ይወጣበታል፣ ቢበዛ ቢበዛ የቫይረሱን መስፋፋት ለአጭር ጊዜ ያዘገያል፣ አለ። ያን የሰማ ጥቂት ነው።

በኤፕሪል 1989 ሃንስ ፖል ቨርሁፍ የሚባል ሆላንዳዊ ሳን ፍራንሲስኮ ለሚደረግ የጤና ስብሰባ ይሄድ ነበር። ሥራው ስለ ኤድስ ማስተማር ነው። ሚኒያፖሊስ አየር ማረፊያ ላይ ሻንጣው ሲፈተሽ ኤዚቲ ተገኘበት። በዚያ ምክንያት ታሰረ። ሰውዬው ሐሺሽ አልያዘም፣ የጦር መሣሪያ አልያዘም። በሕይወት የሚያቆየውን መድኃኒት ነው የያዘው። ያ መድኃኒት ማስረጃ ሆነበት።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ሥራዬ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ቀኑን ሙሉ ለሰው የምነግረው «መድኃኒትህን ከአጠገብህ አትለይ» እያልኩ ነው። ያ ዓይነት በር ደግሞ «ደብቀው፣ ጣለው» ይላል። አንድ ሰው ሁለቱን እንዴት አድርጎ ይታዘዝ?

ከዚያ በኋላ ተቃውሞ ተነሣ። በ1990 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተደረገውን ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ ብዙ ድርጅቶች ቀሩበት። የ1992ቱ ጉባኤ ቦስተን ሊሆን ታስቦ ነበር፤ እገዳው ስላልተነሣ ወደ አምስተርዳም ተዛወረ። አሜሪካ ግን ይባስ ብላ በ1993 እገዳውን በሕግ ደረጃ አጸናችው። የተነሣው በሁለት እርምጃ ነው። በ2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በፈረሙት አዋጅ ከሕጉ ላይ ተሠረዘ። በኦክቶበር 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ደንቡም እንደሚነሣ አስታወቁ። እገዳው በፍርሃት ላይ እንጂ በእውነት ላይ እንዳልተመሠረተ በግልጽ ተናገሩ። ከታኅሣሥ 26 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2010) ጀምሮ አሜሪካ ለመግባት የኤች አይ ቪ ምርመራ ቀረ። የኤድስ ጉባኤውም በ2012 ወደ አሜሪካ ተመልሶ ዋሽንግተን ላይ ተደረገ። ከሳን ፍራንሲስኮው ሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል። አይደለም። ዲቪ ያልሞላ ቤት አለ እንዴ እዚህ?

ከዚያ ቀን በፊት ዲቪ የደረሰው ሰው ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ ነበረበት። ቫይረሱ ከተገኘበት ያው መውደቅ ነው። ማለፊያ ፈቃድ የሚባል ነገር ነበር። ግን እዚያ በሕግ የሚኖር ወይም አብሮት ቪዛ ያገኘ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ያስፈልገዋል። ብቻውን ሎተሪ የደረሰው ወንደላጤ ይህን ከየት ያመጣል? ዲቪ ደግሞ ለከርሞ አይተላለፍም። የዚያ ዓመት ሰፕቴምበር ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

አንድ የማውቀው መካኒክ አለ። ፍራንኮ አካባቢ ነበር የሚሠራው። ዲቪ ደረሰው። ሰፈር ጉድ አለ። ጓደኞቹ አዋጥተው ሻንጣ ገዙለት። ጎረቤት በርበሬና ሽሮ አዘጋጀለት። መፍቻዎቹን ሁሉ ለልጁ ለረዳቱ ሰጠ። ከዚያ ከምርመራው ተመለሰና «ሐሳቤን ቀየርኩ» አለ። «አሜሪካ ምን አለ? እዚሁ አገሬ ይሻለኛል» አለ። ሰው ሁሉ ዕብድ ነው አለው። አንዳንዱ ኮርቶበት፣ አገሩን የሚወድ ሰው እያለ ያወራለት ነበር። እሱ ግን መፍቻዎቹን ከረዳቱ መልሶ መጠየቅ አፍሮ፣ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ገዛ። እውነቱን ለእኔ የነገረኝ ከስድስት ዓመት በኋላ መድኃኒት ሊጀምር ሲመጣ ነው። ስድስት ዓመት! በምርመራው ቀን ያወቀውን ነገር ስድስት ዓመት ይዞት ተቀመጠ። ምክንያቱም ውጤቱን የነገሩት ለቪዛ እንጂ ለሕክምና አልነበረም። ከዚያ በር ሲወጣ ወደ የትኛው በር እንደሚሄድ ያሳየው ሰው የለም። አሁን ደህና ነው። ዲቪም በየዓመቱ ሲሞላ ኖሯል።

እስቲ አሁን ስለ ቫይረሱ ትንሽ ልበል። አጭር ነው።

መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በጣም ይወርዳል። ቫይራል ሎድ የምንለው ነው። በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ሲደርስና እዚያው ሲቆይ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አይተላለፍም። «አይተላለፍም» ስል ለማጽናናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአውሮፓ ጥናት አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ተከታትሏል። 58 ሺህ ያህል ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ተደርጓል። ቫይረሱ ካለበት ሰው ወደ ፍቅር ጓደኛው የተላለፈበት አንድም አልተገኘም። ዜሮ። ባልና ሚስት መካከል ዜሮ የሆነ ነገር፣ በማዳምና በሠራተኛ መካከል በምን ይተላለፋል?

«ወጪው ከባድ ነው፣ ያ አገር ለምን ይሸከማል» የሚሉም አሉ። በ1987 ቢሆን እሺ ይባል ይሆናል። ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት፣ እኛም ክፍል ቲኤልዲ የምንለው፣ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ግሎባል ፈንድ በ2023 ዋጋው ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር በታች መውረዱን አስታውቋል። በወር አራት ዶላር አይሞላም። አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ሠርታ የምትከፍለው ነው። እኛው አገር መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር ያየሁትን እኔ አውቃለሁ። በቃሬዛ የገባ ሰው በእግሩ ሄዷል። የሬሳ ሣጥን ያዘጋጁለት የጭነት መኪና ሾፌር ተመልሶ የጅቡቲን መንገድ ነድቷል። ያን ያየ ሰው «ቫይረሱ ያለበት ሰው መሥራት አይችልም» ሲባል ዝም ማለት ያቅተዋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ።

መድኃኒት ጀምራ አራት ወር በደንብ ተከታተለች። ኪሎ ጨመረች። ከዚያ ቀጠሮ ቀረች። ስልኳ አይሠራም። ጓደኛዋን ብንጠይቅ «ሄዳለች» አለችን። ሜዲካል የወደቀ ሁሉ አርፎ ቤቱ አይቀመጥም፤ ይህን ኤጀንሲዎች ታውቃላችሁ። ዕዳ አለ። በሬው ተሽጧል። ቤተሰብ ውስጥ ሹክሹክታ አለ። በሕጋዊው በር «አትችይም» የተባለች ልጅ ሌላ ደላላ ያገኛታል። እሱ ሜዲካል አይጠይቅም። በጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሳዑዲዋ ጂዛን።

ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ተመለሰች። ተይዛ፣ ታስራ፣ ተባርራ ነው። ስትገባ አላወቅኋትም። ሳል አለባት። ቁጭ ብላ ከቦርሳዋ አንድ የቪታሚን ብልቃጥ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባዶ ነው። ከፈትኩት። ውስጡ ጥጥ ተጠቅጥቆበታል። ጥጡ ቢጫ ሆኗል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት።

«እንዳይንኳኳ ነው» አለች።

የእኛን መድኃኒት ከራሱ ዕቃ አውጥታ የቪታሚን ዕቃ ውስጥ ገልብጣው ነበር። ስትራመድ ፍሬዎቹ ቀጭ ቀጭ እንዳይሉ ጥጥ ጨመረችበት። ጀልባ ላይ፣ በረሃ ላይ፣ ኋላም የሰው ቤት ማድ ቤት ውስጥ። ማታ ማታ መብራት ሲጠፋ ጥጡን በጥፍሯ ታወጣለች፣ አንድ ፍሬ ትውጣለች፣ ጥጡን ትመልሳለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ሆስፒታል መሄድ አልቻለችም። ቫይረሱ እንዳለባት ከታወቀ ወደ እስር ነው፣ ከዚያ ወደ አገር ነው። ስለዚህ አቋረጠች። አንድ ዓመት ተኩል ያህል ያለ መድኃኒት ቆየች። ሳሉ ቲቢ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ በሩ ማንን ጠበቀ? ያን አገር ጠበቀ? መድኃኒት እየወሰደች ቫይረሱን ወደ ማንም የማታስተላልፍ ልጅ ነበረች። በሩ አቋረጣት፣ አሳመማት፣ ቫይረሱ እንደገና ከፍ አለ። እኔ ብዙ ነገር አይቼ አለቅሳለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ያን ጥጥ ሳይ አለቀስኩ።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መረጃ 48 አገሮችና ግዛቶች አንድ ዓይነት የኤች አይ ቪ ገደብ ነበራቸው። ቢያንስ 30ዎቹ መግባትን ወይም መኖርን ይከለክሉ ነበር። 19ኙ ደግሞ የውጭ ዜጋ ላይ ከተገኘበት ያባርሩ ነበር። ከብዙዎቻችሁ ጉዞ ጋር የሚገናኙት የባሕረ ሰላጤው አገሮች በዚህ ውስጥ ናቸው። አልዋሻችሁም፤ ዛሬ ኮንትራት ፈርማ ወደዚያ የምትሄድ ልጅ ትመረመራለች። እዚህም፣ ስትደርስም። ብዙ ቦታ የመኖሪያ ፈቃዷ ሲታደስም።

ግን ደግሞ በሮች ይከፈታሉ። ቻይናና ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2010 እገዳቸውን አንሥተዋል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንዲት የኒውዚላንድ አስተማሪ ነበረች። የውጭ አገር እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ኤች አይ ቪ እንዲመረመሩ ይገደዱ ነበር፤ ኮሪያውያኑ አይገደዱም። እሷ በ2009 «ድጋሚ አልመረመርም፣ ይህ መድልዎ ነው» አለች። ሥራዋን አጣች። ጉዳይዋን የተባበሩት መንግሥታት የዘር መድልዎ ኮሚቴ ድረስ ወሰደችው፤ በ2015 ፈረደላት። በ2017 ኮሪያ የአስተማሪዎቹን ምርመራ አስቀረች። በነገራችን ላይ ይህቺ ሴት ቫይረሱ ኖሮባት አይደለም የተሟገተችው። ለሌላው ብላ ነው። ይህ ነገሯ ልቤን ይነካዋል።

የእኛ ልጆች ግን እንደዚያች አስተማሪ ጠበቃ ይዘው የሚሟገቱ አይደሉም። ስለዚህ የሚሟገትላቸው ሌላ ሰው መኖር አለበት። መንግሥታችን ከሳዑዲ ዓረቢያ፣ ከኳታር፣ ከዮርዳኖስ ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ተፈራርሟል። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ዕረፍት ቀን፣ ስለ ፓስፖርት መያዝ መነጋገር ተጀምሯል፤ ጥሩ ነው። የኤች አይ ቪ ጉዳይም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በአንድ ቀን አይነሣ ይሆናል። ቢያንስ እዚያ ሠርታ እያለች የተገኘባት ልጅ አትታሰር። መድኃኒት ሳትይዝ፣ ደመወዟን ሳትቀበል አትባረር። ይህን ለመጠየቅ እኛ ማነስ የለብንም።

ግን ሰው በር ላይ ጣቱን ከመቀሰሩ በፊት የራሱን ደጃፍም ያያል። እኛስ? ለሠርግ የኤች አይ ቪ ወረቀት አምጡ የሚል ስንት ቦታ አለ። ተመርምሮ ማግባት ደግ ነገር ነው፤ እኔም እመክራለሁ። ወረቀቱ በአደባባይ ሲነበብ፣ ሠርጉ ሲሰረዝና ልጅቷ በሰፈር ወሬ ሆና ስትቀር ግን ደግ አይደለም። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር «መጀመሪያ ትመርመር» የምንል አለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ሠራተኛን በኤች አይ ቪ ምክንያት ማበላለጥ ይከለክላል፤ የቤት ሠራተኛን ግን አዋጁ በቀጥታ አያካትታትም። ማዳሞች በልጆቻችን ላይ የሚያደርጉት ሲያናድደን፣ እኛ ቤት ያለችውንም እናስባት።

ኤጀንሲ የምትሠሩ ልጆች፣ እናንተን ነው አሁን የማናግረው። ስለመጣችሁ አከብራችኋለሁ። ሕጉን እናንተ አላወጣችሁትም። አሠራሩ ግን በእጃችሁ ነው። ውጤት ለባለቤቷ ብቻ ይነገር። ለወንድሟ፣ ለአባቷ፣ ለደላላው አይነገር። «አንፊት» ብላችሁ አትላኳት፤ ሐኪሙ ምን እንዳገኘ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ፣ በሚገባት ቋንቋ ቁጭ ብሎ ይንገራት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበት ወረቀት ይጻፍላት። መንገዱን ካላወቀች አብሯት የሚሄድ ሰው ይኑር። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያቺ የነገርኳችሁ ልጅ ያን አሥር ደቂቃ አላገኘችም።

ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ «አልተሳካም» ብላ ስትመለስ ለምን ብላችሁ አትጨቅጭቋት። ቡና አፍሉላት። የበሬው ነገር ሌላ ጊዜ ይደርሳል።

ያቺ ልጅ እዚሁ አዳማ ናት። ቲቢዋ ድኗል። ቫይረሱ በምርመራ አይታይም። ፖስታ ቤት አካባቢ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ቀጠሮዋ በስድስት ወር አንዴ ነው። ባለፈው ስትመጣ መድኃኒቱን በራሱ ዕቃ፣ ከነጽሑፉ ይዛ ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችው። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ጥያቄ ካለ አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። አንድ ወጣት «አሜሪካ እንደገና ሕጉን ብትመልሰውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሕግ ሊመለስ እንደሚችል፣ እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን ሰው ሲቆጣ እንደሆነ ነገርኩት። ከዚያ ወደ ኋላ በኩል አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር የሚናገሩት።

«ልጄ እዚያ ናት» አሉ። «ስትሄድ ደህና ነበረች። ሦስት ዓመቷ ነው። ፈቃዷ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ባለፈው ስትደውል 'እማዬ፣ ምርመራውን ፈርቻለሁ' አለችኝ። ለምን አልኳት። አለቀሰች እንጂ አልነገረችኝም። ምን ልበላት ሲስተር?»

አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው አልመለስኩም። ማይክሮፎኑን አስቀምጬ ወደ እሳቸው ሄድኩ። በሰው ፊት የሚወራ ነገር አልነበረም። ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ምርመራው መቅረት እንደማይችል ነገርኳቸው። ተመርምራ ሳትያዝ በራሷ ፈቃድ፣ ደመወዟን ተቀብላ፣ ፓስፖርቷን ይዛ የምትመለስበት ጊዜ ገና እንዳለ ነገርኳቸው። ምናልባት የምትፈራው ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችልም፣ ሳይጠይቁ መገመት እንደማይገባ ነገርኳቸው። ቫይረሱ ከሆነም እዚህ መድኃኒቱ በነፃ እንዳለ፣ በዚያው ቀን እንደምትጀምር፣ እኔው እንደምቀበላት ነገርኳቸው።

«እንደሱ ብዬ ልንገራት?» አሉ።

«አይ እናቴ፣ እርስዎ አይንገሯት። ድምፅዎ ብቻ ይበቃታል። ሌላውን ለእኔ ይተዉት» አልኳቸው።

ከመቀነታቸው ውስጥ ትንሽ ስልክ አወጡ። ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን እንዳለ ሰጡኝ። የልጅቷ ቁጥር ከላይ ሁለተኛው ላይ ነበር። ዓርብ ዕረፍቷ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ማዳሟ ትተኛለች፣ ያኔ ታነሣለች አሉኝ። ጻፍኩት።